ሃያኛው ቀጠሮ

ስሙን ያወቅሁት ከማመልከቻ ወረቀት፤
ኦርቪል ላክሶ ይላል፣ ሃምሳ አራት ዓመት፣
ዱሉት፣ ሐይቁ ዳር፣ የወረቀት ፋብሪካ፣
ሃያ ሰባት ዓመት በሌሊት ፈረቃ።
እኔ መድን ቤት ነኝ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሰው በቁጥር መጥቶ በቁጥር የማይ።

መጀመሪያ የመጣው የቀኝ ጉልበቱ ነው፣
በረዶ የጋገረ መሰላል የጣለው።
ፎቶው ተያይዟል፣ ስንጥቁ ይታያል፤
ቀጭን ነው፣ እንደ ፀጉር፣ ግን አጥንት ይከፍላል።
ብዙ አልጠየቅሁም። ማኅተሜን አነሣሁ፣
ቀዶ ሕክምናውን፣ ክራንቹን፣ ፊዚዮቴራፒውን ከፈልሁ።
እስከ መቼ ይታከም? እስኪድን ድረስ።
ማን ይቆጥርበታል፣ ሰው እስኪፈወስ?

ራሱ ደግሞ መጣ፣ በሦስተኛው ዓመት።
ጓዱን፣ ዴል ብሮዚክን፣ ማሽኑ ጎትቶት
በሁለት ጥቅል መሐል፣ ጓንቱ ቀድሞ ገብቶ፣
ኦርቪል ነው ያጠፋው፣ ማብሪያው ጋ ተሯሩጦ፤
ኦርቪል ነው የቆመው፣ ሌላው ሸሽቶ፣ እሱ ቀርቶ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በሩን አልፎ አልገባ።
ማርቪስ ስትነቃ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በካልሲ፣
መብራቱን ሲያጠፋና ሲያበራ፣
ሲያጠፋና ሲያበራ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል።
እሱ አልደበቀም።
ሄደ፣ ተቀመጠ፣ ለዶክተር ሌኖራ ዘረዘረ፣
ማመልከቻውም መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አደረ።
መድኃኒቱ ነበር የተደበቀው፣
በውሉ አርባ አንደኛ ገጽ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከግርጌ፦
ለአካል፣ ሐኪሙ እንዳዘዘ።
ለአእምሮ፣ በዓመት ሃያ ቀጠሮ።

መጋቢት ላይ ጀመረ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ።
ሰኔ ላይ መተኛት ቻለ፣ በሳምንት ሦስት ሌሊት።
ሐምሌ ላይ ጀልባውን ቀለም ቀባ፣
ግማሹን።
ሃያ ሞላ።

ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። «ክቡር ሆይ» ብዬ።
ሰው ሲቆረጥ እንኳ በማዕረግ ይቆረጣል።
አሁን ሳስበው፣ ያ የጉልበቱ ሐኪም
መርፌውን ይዞ፣ ክሩን ይዞ፣ በስፌቱ መሐል ቆሞ፣
«ይህ ሃያኛው ነው፤ የቀረውን ቁስል
ለመጪው ጥር አቆየው» ቢለው ኖሮ?

ማርቪስ ጀልባውን ሸጠች፣ ግማሽ ቀለሙን እንደያዘ።
ስድስት ማክሰኞ ገዛችበት።
ከዚያ ማክሰኞ አለቀ።

የካቲት፣ ሴንት ፖል፣ የምክር ቤቱ አዳራሽ።
ረቂቁ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ማለት ይቻላል፦
አሠሪ ለአካል የገባውን መድን
ለአእምሮም በዚያው ልክ ይግባ።
ለተናጋሪ ሁለት ደቂቃ።
እኔ ከአለቃዬ ጎን ነኝ፣ «አረቦኑ ይንራል» የሚል
ባለ ቀለም ሠንጠረዥ ጭኔ ላይ ዘርግቼ።

ማርቪስ ተነሣች። ሁለት ፋይል፣ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ።
«ይህ ጉልበቱ ነው» አለች፣ «ይህ ደግሞ ራሱ።
ፋብሪካው የገዛው ጉልበቱን ነውና
ጉልበቱን አደሰ።
ራሱን ለእኔ መለሰ።
አዲሱ ጉልበት፣ ጌቶቼ፣ ደህና ይራመዳል፤
እስከ ጋራዡ ድረስ።»
አርባ ሰከንድ ቀርቷት ነበር።
ቆማ ጨረሰችው፣ ዝም ብላ።

አለቃዬ ክንዴን ነካኝ። ተራዬ ነው።
ተነሣሁ፣ በተሳሳተው በር ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ጫፍ፣
ሰው የበዛበት ክፍል ስለማይገባ፣ ኦርቪል።
የፋብሪካው ሰዎች እያለፉ ትከሻውን ይመታሉ፦
«ጉልበትህስ? ተሻለህ?»
«ተሽሎኛል» ይላል፣ እግሩን ዘርግቶ እያሳየ፣
ለእያንዳንዱ፣ ሳይሰለች።

ማን እንደሆንሁ አያውቅም።
ፊርማዬን እንጂ ፊቴን መቼ አየ።
ምን እንደሚባል ጠፋብኝና
በየጠዋቱ ለማንም የምወረውረውን፣
መልሱን ቆሜ ሰምቼው የማላውቀውን ጠየቅሁት፦
«እንዴት አደርክ?»

ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝ።
«አላደርኩም» አለ።

ከዚያ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።
ውስጥ ድምፅ መስጠቱ ለሐሙስ ተላለፈ፤
ሕጉም እንደ ሰው ቀጠሮ ተሰጠው፣
ስንተኛው እንደሆነ እንጃ።
መቁጠር ትቼ ነበር።