ሁለት ክንድ ከስንዝር

ስሙን ያወጡለት ጋሽ ሆሪሶ ናቸው፣ የመጋዘን ዘበኛ፤
«ማን ያዘኝ» አሉት ለነገር፣ እንዲሰማ ምቀኛ።
ጡረታ ወጥተው ወደ ይርጋለም ሲነሱ፣
ውሻውን ከነሰንሰለቱ ለእኔ አወረሱ።

ሰንሰለቱ ይከብዳል፤ የበር ነው፣ የከብት፣
ዘብ ለሚቆም እንጂ ለሽርሽር የማይሆን ንብረት።
ሲራመድ ይንኳኳል፣ ሲጎትት አንገቱን ይልጠዋል፤
ቁስሉን ለካ እስከዛሬ ፀጉሩ ሸፍኖት ኖሯል።
ፈታሁት። ዘጠኝ ቀን ቅባት ቀባሁት።
በአሥረኛው፣ ጆንያ በሚታሰርበት ሲባጎ ይዤው ወጣሁት።

ታቦር ተራራ ስር አንዲት ድመት መንገድ አቋርጣ አለፈች፤
ሲባጎዋ በመዳፌ ውስጥ እንደ እሳት አለንጋ ሮጠች።
ሳምንት ሙሉ በማንኪያ በላሁ፣
በገዛ ቤቴ እንግዳ መሰልሁ።

ከዚያ የእህቴ ልጅ ብሩክታዊት ከዱባይ ስትመጣ፣
ጠቅ ሲሉት የሚሰበሰብ፣ ሲለቁት የሚወጣ፣
እጀታው ጡብ የሚያህል፣ ገመዱ ግን ክር፣ ቀጭን፣
አምስት ሜትር ነጻነት አምጥታ ሰጠችን።
ኩራት ኩራት አለን።

አሞራ ገደል፣ ቅዳሜ፣ ዓሣው ሲበለት፣
አባ ኮዳ ቆሟል እንደ ዳኛ፣ ጥቁር ካባ ደርቦበት።
ማን ያዘኝ አየው። ክሩ ተተረተረ፣ ዚዝ እያለ፤
አውራ ጣቴ ቁልፉን ሲፈልግ፣ ውሻው አምስት ሜትር ርቆ የለ!
ወዲያ ባጃጅ። ወዲህ የአንዲት ሕፃን እግር።
በመሀል ክር፤ የማይታይ፣ እንደ ምላጭ ያለ ክር።
ባጃጁ ቆመ፣ እግዜር ይስጠው፣ ለመንካት ስንዝር ሲቀር።
ልጅቷ ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀይ መስመር።
እናቷ አየችኝ፣ ምንም አላለችም፤
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መረብ ጠጋኙ ለዳሞ ከጀልባው ጥላ ተነስቶ፣
ክሩን ከእግሯ አላቀቀ፣ እንደ ቆሮሶ ከመረብ ፈልቅቆ፣ ታግሶ።
ወደ እኔ ሳይዞር ነው የተናገረው፦

«ገመድ ዓሣ ስትይዝ ሌላ ነው፣ ወዳጅ ስትይዝ ሌላ።
ረጅሙን ለሜዳ ተወው፤ ሰው መሀል ዕዳ ነው ኋላ።
ሁለት ክንድ ከስንዝር ይበቃል፤
ጠፍጣፋ ይሁን፣ ቀጭን ነገር ይቆርጣል።
አንገቱን ተወው፣ ደረቱን ይቀፈው፤
ሁለት ጣት የሚያሾልክ እንጂ የሚያንቅ አይሁን ማሰሪያው።
እጅህ ላይ ደግሞ አትጠምጥም! አጎቴ ጠምጥሞ ሳለ፣ አምባዛ ጎትቶት፣
ሁለት ጣቱን ሐይቁ አስቀርቶበታል፤ ሂድና ጠይቀው፣ ፍቅር ሐይቅ ትኬት ከሚቆርጥበት።
ቀለበቱን አውራ ጣትህ ላይ፣ ትርፉን መዳፍህ ውስጥ እጠፈው፤
መልቀቅ ግድ ሲሆን መልቀቅ እንድትችል አርገህ ያዘው።
መንጠቆውን ከደጅ ሳትወጣ ሳብ፣ ስፌቱንም እየው፤
ክፉ ስፌት ቤት እያለህ አይደለም የሚበጠሰው።»

ከአሮጌ አይሱዙ የጭነት ቀበቶ ቆርጦ፣
በመረብ መርፌ ሰፋልን፣ እንቅብ ላይ ተቀምጦ።
ሰማንያ ብር ተቀበለኝ። ሁለቴ ቆጠራት።

አሁን ማለዳ ማለዳ ሐይቁ ዳር፣ ከኔ ጎን ይሄዳል፤
ገመዱ በመሀላችን ረገብ ብሎ ይወዛወዛል።
ሲወጠር እቆማለሁ፤ እሱም ዞሮ ያየኛል፣
«ማን ያዘኝ?» እንደሚል ሰው። እኔም ባላውቀው ይሻለኛል።

አባ ኮዳ ዛሬም እዚያው ነው፣ ችሎቱን አልዘጋም።
ልጅቷም እዚያው፣ እናቷ የዓሣ ቅርፊት ስትፍቅ፣ ድንጋዩ ላይ አትጠፋም።
ከሩቅ ስታየን፣ እግሯን ቀሚሷ ስር ትሰበስባለች።
እኔም ገመዴን እሰበስባለሁ፣
በወዲያኛው ጠርዝ አልፋለሁ።