ሌሊት ስምንት ሰዓት

ከብሔራዊ ቴአትር ማዶ፣ ከአንበሳው ሐውልት ፊት ለፊት፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የኢንሹራንሱ የካሳ ክፍል ካለበት፣
ሰው በሌለበት፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት
አሥራ አራት ኮምፒውተር ባንዴ ይነሣል፤
ማራገቢያው ያጓራል፣ መስኮቱ ሰማያዊ ይለብሳል።

ዘበኛው ባሻ ይመኑ፣ መጀመሪያ ሰሞን
ደረጃውን ጠበል ረጩ፣ በሚካኤል ስም ማሉ፤
«ቤቱ ሰው አለበት፣ ወይ ይውጣ፣ ወይ ልውጣ» አሉ።
እኔ ግን አውቀው ነበር። ሰይጣን አልነበረም።
ጋሽ ድንበሩ ናቸው።

ጡረታ በወጡ ዕለት፣ በመጨረሻዋ ማታ፣
ማሽኑን አንድ በአንድ ዞረው፣ ሆዱ ውስጥ፣
ፕሮግራም ከማይደርስበት ጓዳ፣ ከሥር ካለው ቦታ፣
«ሁለት ሰዓት ተነሥ» ብለው ጻፉበት፤
ሠራተኛው ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ሞቆ እንዲጠብቀው ከቤት።
የኛን ሁለት ማለታቸው ነው፤
ለገሃር የታክሲው ሰልፍ የሚዞርበትን፣
ሊስትሮው ሣጥኑን የሚከፍትበትን።
ማሽኑ ግን የኛን ጀምበር ምን ብሎ ይወቃት?
ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት።
ሁለት ቢሉት፣ ስምንት ሰማ።

ከዚያም ቆለፉት።
እሳቸው እንደሆኑ የክፍሉን የስኳር ቆርቆሮ እንኳ
በጓጉንቸር ነበር የሚያስሩት፤
ፍላሽ ይዞ የመጣ ሌባ፣ እጁ የሚበላው ጎረምሳ
ጓዳውን እንዳይከፍት፣
በይለፍ ቃል ዘጉት።
ቃሉን ለማንም ሳይነግሩ፣ ኬኩን ቆርሰው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ።

ሞከርኩ።
የልጃቸውን ስም፤ እምቢ።
የቮልስዋገናቸውን ታርጋ፤ እምቢ።
የመታወቂያ ቁጥራቸውን፤ ጮኸና ዝም አለ፣
ሦስቴ የሳተ እጅ እንደገና አይታመንም አለ።

ክዳኑን ፈታሁ። ከቦርዱ ላይ
ሳንቲም የምታህለውን ባትሪ ነቀልኩ፤
ወርጄ ሻይ ጠጣሁ፣ ሁለተኛ ደገምኩ።
ስመለስ ሰዓቱን ረስቷል፣ ወሩን ረስቷል፣
ዓመቱን ከተሠራበት ቀን ጀምሯል፤
ቃሉን ግን፣
ቃሉን ግን ይዞታል።

ሰዓቱን ልዋሸው አስቤም ነበር፣ በስድስት ልግፋው፤
ግን የካሳ ክፍል ነው፤
መኪናው የተጋጨው ውሉ ሳያበቃ ነው ካበቃ በኋላ
የሚባለው፣ ሰው የሚካሰሰው፣
በደቂቃ ነው።

በመጨረሻ ፒያሳ ወጣሁ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል፤
በሩን የሻረግ፣ ልጃቸው፣ ከፈተችልኝ።
ጋሽ ድንበሩ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣
«የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።
አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል።
«የኔትወርክ ክፍል ነኝ፣ ጋሼ» አልኩ፤ «ቃሉን ፈልጌ ነው።»
«ቃል» አሉ። ጣሪያውን አዩ።
ከዚያ ጣቶቻቸው፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ቀስ ብለው
ኪቦርድ እንዳገኘ ሰው፣
አንድ፣ ሁለት፣ … ስምንት ጊዜ ነኩ፤
በቀኝ ትንሿ ጣት ጫን አርገው ጨረሱ።
እጅ ያውቃል። ሰውየው አያውቅም።
እኔም ከብርድ ልብስ ላይ ፊደል ማንበብ አልቻልኩም።

ሥራ አስኪያጁ «ሶኬቱን ንቀል» አለኝ።
ቀላል ነበር። ማታ ልነቅል ስወጣ
ባሻ ይመኑ ደረጃው ላይ ያዙኝ።
«ተወው።»
«ጠበል የረጩበት አይደል እንዴ?»
«ያኔ አላወቅሁትም። አሁን ሰዓቴ ነው።
ሲበራ ተነሥቼ ጓሮውን እዞራለሁ፣
ሲበራ እንቅልፍ ቢወስደኝም አፍራለሁ።»

ተውኩት።
ሪፖርቱ ላይ «በክትትል ላይ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ትናንት ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር፤
ከሜክሲኮ እስከ ቸርችል ጨለማ።
ባሻ ነገሩኝ፤ በስምንት ሰዓት ግድም፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው
መሐል ግቢው ላይ ቆሙ፣
ሦስተኛውን ፎቅ ሽቅብ እያዩ፤
ሰው እንደቀረባቸው።