መሰላል ያዥ

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከብየዳ ቤት ጀርባ፣
ከጦሳ ላይ ጭጋግ በመስኮት ሲገባ፣
ከለጋምቦ መጣሁ፣ ልብሴ በከረጢት፣
የማውቃት ሰው ሳትኖር በከተማው አንዲት።
በከሰል የሳልኩት የቤታችን ግድግዳ
ላረፋ ሲለሰን ባንዲቱ ማለዳ፣
ፍየሌም ግልገሏም ጭቃ ውስጥ ቀሩና
እኔ ብቻ ቀረሁ፣ ጣቴ ጥቁር ገና።

ሉባባን አገኘሁ። ታፔላ ነው ሥራዋ፦
የሥጋ ቤት ሻኛ፣ የጸጉር ቤት መቀስ፣
የጥርስ ቤቱ መንጋጋ፣ መንገደኛ ሚነክስ።
ከፒያሳ ቁልቁል እስከ ሰኞ ገበያ
የሷ ጣት ያልነካው የለም ማስታወቂያ።
ጥጉን ላየው ግን፣ በደቃቁ ፊደል
«እንድሪስ አርት» ይላል።
እንድሪስ ወንድሟ ነው፣ የአይሱዙ ሾፌር፣
ብሩሽ ጨብጦ አያውቅ ጺሙን ሲላጭ በቀር።
«ሴት መሰላል ወጥታ?» የሚል ሲበዛባት
የሱን ስም ስትጽፍ ኖረች ሃያ ዓመት።

የመጀመሪያው ቀን ስድስት ሆነን ገባን።
ስድስት ነጭ ወረቀት።
«ምን እንሳል?» አልናት።
«ስማችሁን ጻፉ፤ ከቀኝ በኩል፣ ከጥጉ፣
ከዚያ ነው የምትስሉ፤ ኋላ ነው ሌላው ወጉ።»
«ጦይባ» ብዬ ጻፍኩት፣ ጉንዳን አሳክዬ።
አጎንብሳ አየችው።
«አንች፣ ተበድረሽው ነው? ስምሽ ያንች አይደለም?
አጉልተሽ ጻፊው። አብሽሪ።»

ከዚያ ወዲያ መጣ ትምህርቱ፣ ፍዳው።
ክረምት ነበረና፣ ቦርከና ሲሞላ፣
«ጭቃውን ሳሉልኝ፣ ቡናማ ሳትነኩ» አለችን።
ሳምንት ሙሉ ጭቃ ሳይ ሰነበትኩ።
ሐምራዊ አለው ለካ!
ከዳር በኩል፣ ፀሐይ ስትነካው።
የኮራሁበትን፣ የሐይቅን ጀልባ፣
ገልብጣ ግድግዳ አስደገፈችው፦
«ይሄ ሰው እንዲወደው የተሳለ ነው።»
ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ተመለስኩ፤
ወንበሬ ላይ ማንንም አላስቀመጠችም።
ደግሞ ሌላ ቀን፦ «ዋጋ ስትጠየቁ
መሬት መሬት አትዩ። መሬት ዋጋ አያውቅም።»

የመጀመሪያ ሥራዬ ሆጤ ያለው ዳቦ ቤት ነው።
የመሰላሉ አንድ እግር አጭር፣
ነፋሱ ከአዝዋ ገደል ሽቅብ፣
ጉልበቴ ቄጤማ።
«አይዞሽ» አላበዛችም ሉባባ፤
እግሯን ከታችኛው እርከን ጣል አድርጋ
በሁለት እጇ ይዛ ቆመች፣ እንደ ባላ።
ቀዩ ቀለም ሻሿ ላይ ጠብ ሲል
ቀና እንኳ አላለች።
ከቀኝ፣ ከጥጉ፣ «ጦይባ» ብዬ ወረድኩ።
የዳቦ ቤቱ ጌታ «ማነው ጦይባ?» አላት።
«ጠይቃት» አለችው፣ «አፍ አላት።»

ዘንድሮ እንጉዳይ መጣች፣ ከመርሳ፣ ካርቶን አንጠልጥላ።
ፋርማሲው ላይ ወጥታ እባብና ጽዋ ትስላለች፤
እባቡ ለጊዜው ገመድ ይመስላል።
እኔ ከሥር ነኝ።
ከመንገዱ ማዶ፣ ከመንጋጋው ግርጌ፣
ሉባባ ቀጭን ብሩሽ ይዛ በርጩማ ላይ ቆማለች።
ማንም አላዘዛት፣ ማንም አይከፍላት።
«እንድሪስ»ን በነጭ ሸፈነችው፣
እስኪደርቅ ጠበቀች፣
«ሉ» ብላ ጀመረች።
ካፊያ መጣ።
«ባ»ዎቹ ደርሰው እንደሁ ዞር ብዬ ባይ በወደድኩ፣
እንጉዳይ ከላይ ናት፤ መሰላሉን እንደያዝኩ
ሻሼ ላይ ጠብ አለ፣ አረንጓዴ።