ለሚመለከተው ሁሉ

የካቲት ነው፣ አዮዋ፤ መስኮቱ በረዶ ለብሷል፤
ቢሯችን ምድር ቤት ነው፣ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ይስላል።
ጠረጴዛዬ ላይ ፋይል፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣
ሁሉም ጎበዝ፣ ሁሉም ድሃ፣ ሁሉም የሚሻ መንገድ።
የቀረን ገንዘብ ለሦስት ነው።
ሚስስ ሆልም፣ አለቃዬ፣ በእርሳስ ጫፍ ቆጥራ ነገረችኝ፣
ወጥ እንዳነሰባት ደጋሽ ዓይኔን ሳታይ ሄደችብኝ።

ቁጥር መቶ አርባ ሰባት፦ ታሪኳ ዳልኬ፣ ከሳውላ።
ሒሳብ መቶ፣ ፊዚክስ ዘጠና ስምንት፤ አለፍኩት ወደ ሌላ፤
ውጤት የሚያነቡት ፎቅ ናቸው፣ መስኮታቸው ሜዳ ያያል፣
እኔ የማነበው ኪስ ነው፤ ኪስ ደግሞ ብዙ ይናገራል።

የአባት ሥራ? ልብስ ሰፊ።
የቤቱ ግምት? ኪራይ ነው።
መኪና ስንት አላችሁ? አንድ።
ቀና አልኩ። ልብስ ሰፊ፣ በኪራይ ቤት፣ ባለ መኪና?
ወረድ ብላ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ልጅቱ አስረድታለችና፦
«የስፌት ናት። በእግር የምትነዳ። ዕድሜዋ ከኔ ይበልጣል።
አባቴ ጥያቄውን ሳነብለት ‹አንድ አለን› ብሎ ኮርቷል፤
እሱን እንዳላሳፍረው ጻፍኩት፣ እናንተን እንዳልዋሽ አብራራሁ።»
ብቻዬን፣ ከቧንቧው ጋር፣ እስኪያመኝ ድረስ ሳቅሁ።

ቀጥሎ፦ ቤተሰቡ በዓመት ስንት ዶላር ያዋጣል?
አራት መቶ፤ ተሰርዟል። ሁለት መቶ ሃምሳ፤ ተሰርዟል።
ሦስት መቶ።
ያንን ስርዝ አውቀዋለሁ፤ መብራት የሄደበት ምሽት፣
እናት «ከየት አምጥተህ?» ስትል አባት ጣራ ያየበት።
የኛ ዋጋ ሰባ አራት ሺህ ነው።

ከሥሩ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበት፦
ለሚመለከተው ሁሉ፤ አቶ ዳልኬ ጦና ምንም ዓይነት
ቋሚ ገቢ የሌላቸው መሆኑን እየገለጽን፣
ከሰላምታ ጋር።

ሚስስ ሆልም ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋች፤
«ይሄ የለውም ይላል፣ ያኛው ሦስት መቶ፤ የቱ ይዋሻል?» አለች።
ክፉ ሴት አይደለችም። ለሌሎቹ ሁለት መቶ አሥርም ታስባለች።

ምን ልበላት?
ቀበሌው የጻፈው ኪሱን ነው፣ ሰውየው የጻፈው ፊቱን፤
እንግሊዝኛ ሁለቱን ያውቃል፣ አያውቅም መጋጠሚያቸውን።
እኔንስ ማን ገቢ ጠየቀኝ? በዲቪ ነው የመጣሁት፣
ስሜን ከክምር መዞ ባወጣው ዕጣ፣ በአንድ ሌሊት።
ሒሳብ ስድሳ አንድ ነበረኝ።
ይህን እዚህ ቢሮ ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም።

የአስተያየት ሳጥን አለ፤ ሦስት መቶ ፊደል ይይዛል፣
ለአንድ ዶላር አንድ ፊደል፣ ልክ በልኩ ይደርሳል።
ጻፍኩ፦ «ሁለቱም ወረቀት እውነት ነው፤ መኪናዋ የስፌት ናት።»
ጨመርኩ። አጠፋሁ። ጨመርኩ። ሰረዝኩ እኔም እንደ አባት።

ተጠባባቂ ሆነች። አራተኛ።

ደብዳቤው በመጋቢት ይወጣል፣ አርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት፤
ያን ጊዜ ሳውላ ተኝቷል፣ ይሆናል ከሌሊቱ ሰባት።
ኔትወርክ ካለ ታየዋለች። ከመጋረጃው ወዲያ አባቷ፦
«ምን አሉ?»
«ጠብቂ አሉኝ፣ አባ።»
ዝም ይላል ትንሽ።
ስንቱን የበዓል ደንበኛ፣ ጨርቁ ላይ መቀስ ሳያሳርፍ ገና፣
«አልቋል፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው፤ ነገ ና» ብሎ ሸኝቷልና፣
ያውቃታል ነገን።