ያንተን ድርሻ ቀንስ

ከጣርማ በር ወዲያ፣ ጉሙን ጥሰን ወጥተን፣
መሐል ሜዳ ገባን፣ በጥር ብርድ ተቀጥተን፤
ቦርሳዬ ካውቶቡስ ጣራ ላይ ተረስቶ፣
ቴስተሬ በሆዱ ውርጩን አድሮ ጠጥቶ።

እትዬ ጥሩሰው፣ በሰላምታ ፈንታ፣
"ወፍጮው ያጓራል እንጂ አይዞርም፤ ይኸው ሁለት ማታ።"
ደጁ ላይ ስልቻ፣ የገብስ ከረጢት፣
ተራ የሚጠብቅ አህያ ከነጭነት።

ክዳኑን ፈታሁት። ጥቁሩን ከኑሉ፣
ቀዩን ካንዱ ፌዝ ላይ። ሰዎች ከበው ያያሉ።
ሁለት መቶ ስልሳ! ቁጥሩ ቁልጭ አለ፣
ከነጥቡ ወዲያ ስድስት አስከተለ።
ነጥብ ያለው ቁጥር ማን ይጠራጠራል?
"ኃይሉ በዝቶበት ነው ሞተሩ የታመመ፤
እንዳይነካ!" አልኩኝ። ወፍጮ ቤቱ ቆመ።
ስምንት መቶ ብሬን ቆጥሬ ሄድኩ።

ሦስት ነበሩ ፌዞቹ፤
አንዱን አይቼ ነው ስለ ሁለቱ የፈረድኩት።

ደብረ ብርሃን፣ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጀርባ፣
ጋሽ ላቀው ሱቅ ውስጥ፣ ጉራዬን ይዤ ስገባ፣
ሰሙኝ ዝም ብለው፣ ብየዳውን ትተው፣
መነጽር ግንባር ላይ፣ ቴስተሬን ተቀብለው።
ከሱቃቸው ሶኬት ሰኩት፤ ዕድሜ ልኩን ሁለት መቶ ሃያ የሆነው ሶኬት
በኔ ቴስተር ሁለት መቶ ሃምሳ ስምንት።

"ይቺን አይተሃታል?" አሉ፣ በጥፍራቸው ጥጉን እየነኩ።
የባትሪ ምልክት፣ የተልባ ፍሬ የምታህል፣ የደበዘዘች።
"እኔ ቁጥሩን ነው የማየው" አልኩ።
"እሷ ከታየች ቁጥሩ ወሬ ነው።
ሌላው ሲደክመው ያንሳል፤ ይሄ ግን ይጨምራል፤
ጉልበት ባነሰው ቁጥር ትልቅ ትልቁን ያወራል።"

ሬዲዮናቸውን ገለበጡና ዘጠኝ ቮልቷን መዘዙ፤
ዜናው ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ተቆረጠ።
"የማታውቀውን ከመለካትህ በፊት የምታውቀውን ለካበት፤
ስትጨርስም ተመለስና ድገመው።
ኦም ላይ አድርገህ ሁለቱን መርፌ አጋጭ፤
ዜሮ ካላለህ የተረፈው የገመድህ ነው፤
ያንተን ድርሻ ቀንስ።
ጣትህንም ከብረቱ አንሳ! ሥጋህም ሽቦ ነው፤
የሰው ሞተር ለካሁ ስትል ራስህን ነው የምታነበው።"
ከዚያ ብየዳቸውን ቀጠሉ፤
ሬዲዮው ዝም እንዳለ።

ሐሙስ ተመለስኩ። ቴስተሬን ከሹራቤ ሥር፣ እንደ እንቁላል።
ደጁ ላይ ስልቻ የለም፤ ገብሱ ሌላ ወፍጮ ሄዷል፤
የቀረው ያህዮቹ ፋንድያ፣ እሱም ደርቋል።

አምፖል ከሚያበራው ሶኬት ጀመርኩ፦ ሁለት መቶ ሃያ አንድ። ደህና።
አንደኛው ፌዝ ደህና። ሁለተኛው ደህና።
ሦስተኛው፣ ሞተሩ እያጓራ፣
ስልሳ።

ኃይል አጠፋሁ። ኮንታክተሩ ሥር፣ ዱቄት የጋገረው፣
የጠቆረ አንድ ብሎን፣ ላልቶ ሲግል የኖረው።
ግማሽ ዙር ካቻቪቴ፣ በቃ።
ሞተሩ ዞረ፤ የጣራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤
ያደረ ዱቄት ከሸረሪት ድር ላይ ተራገፈ።

ስምንት መቶ ብሩን ዘረጋሁላቸው።
"ያን ጊዜ የተሳሳተው እቃው ነው?"
"እኔ ነኝ። እሱማ ደክሞኛል ብሎኝ ነበር፣ በጥጉ።"
ሁለት ጊዜ ቆጠሩት፤ ሁለት ጊዜም እኩል መጣላቸው።
"የአራት ቀኑ ዱቄትስ" አሉ፣ "በምንህ ይለካል?"

መልስ ሳጣ ቀዩንና ጥቁሩን አጋጨሁ።
ዜሮ ነጥብ ሦስት።

መናኸሪያው ላይ ረዳቱ ቦርሳዬን ወደ ጣራ ሊወረውር ያዘ።
"ተወው" አልኩት፣ "ብርድ አይወድም።"
ሳቀብኝ።
ጭኔ ላይ አስቀምጬው እስከ ጣርማ በር፣ ጉሙ እስኪውጠን ድረስ።