የሽምብጥ ቢንቢ

ፋሻው ከተፈታ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ፣
ቁስሉ ጠግጓል፤ ለቅቋል ያ ሰቀቀኑ።
ራጁን በመስኮት ብርሃን እያሳየች፣
«አጥንቱ ደህና ነው» ሲስተር ይታይሽ አለች፤
«የቀረው ሥራ ነው። እጅ ሥራ ሲያጣ
ይለግማል፤ ደግሞ አይነቃም በቁጣ።»

ሐሴት ግን ቀኝ እጇን፣ እንደ አደራ ዕቃ፣
ብብቷ ሥር ሸጉጣ ትውላለች ጠብቃ።
በግራ ትስላለች፣ በግራ ትበላለች፤
እናቷ ዘርትሁን «ነውር ነው» ትላለች፣
ወዲያው ግን ማንኪያውን ለግራው ትሰጣለች።
አራት ዓመቷ ነው። እጅሽን ስላት ማታ፣
«ተኝቷል አባዬ» ትላለች በሹክሹክታ።

በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይኸው ነው።
ለጎረቤት ሁሉ «ንፋስ ነው የመታው»
ብዬ አስወርቻለሁ። ንፋስ አልነበረም።
ተሳፋሪ ደውሎ፣ ሞተር አስነስቼ፣
የቆርቆሮውን በር በእግሬ ገፍቼ፣
ዞር ብዬ አላየሁም።
ሌባ ጣት ይሏታል፤ ምን ሰርቃ ታውቃለች?
ከመሃል ጣት ጋራ ማጠፊያው ላይ ነበረች።

ግድግዳችን ላይ ነው የሲስተር ወረቀት፦
ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስፖንጅ በጠዋት፤
ቀን ላይ የሊጥ ኳስ፤ ማታ፣ ሳይሰለቻት፣
አውራ ጣትን ማስታረቅ ከትንሿ ጣት።

ስፖንጁን ሰጠናት፤ በግራ ጨመቀች።
ሊጡን ሰጠናት፤ በግራ ዓሣ ሠራች፣
ዓይኑን በምስር ፍሬ ተክላ አሳመረች።
ከረሜላ ገዛሁ፣ ላስቲኩ ሳይፈታ፤
በጥርሷ ላጠችው፣ አልፈጀባት አፍታ።
የባጃጄን ጡሩንባ «ንፊው» ብዬ ብለምን፣
በክርኗ ነፋችው። ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ምን?

እሑድ አመሻሽ ላይ ወረድን ሽምብጥ ዳር፣
ከአንድ ላስቲክ ሙሉ የቆሮሶ ሆድ ዕቃ ጋር።
የደንገል ታንኳዎች ተደፍተው ሲደርቁ
ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፣ እግራችን ከሐይቁ።
ለሻላ ትጥላለች፣ አንድ በአንድ፣ በግራ።
ሻላ ምን ገደደው፣ ቀኝ ሆነ ወይ ግራ?
ከረጢቱን ከፍቶ ይቆማል በተራ።

ፀሐይ በዘጌ በኩል ስታዘቀዝቅ ነገርኋት፦
«ያን ቀን በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ ሐሴት።»
«አውቃለሁ» አለችኝ። «አይቼህ ነበር» አለች።
ደግሞም ለሻላው አንድ አንጀት ወረወረች።

ያን ጊዜ ቢንቢ መጣች።
በየክረምቱ አጎበር ሰቅዬ የረገምኋት፣
በየኩሬው ላይ ጋዝ ያፈሰስሁባት፣
ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ረሃብተኛ ፍጥረት፣
ተደላድላ አረፈች በግራ እጇ ጀርባ ላይ።
ልጄ አየቻት። እኔም አየሁ።
ልመታላት ብዬ መዳፌን አነሳሁ፤
አንድ ነገር ያዘኝ፤ ትንፋሼን ውጬ ቆየሁ።
«ልጁን ለቢንቢ የሰጠ አባት» ካሉኝም ይበሉ።

ግራው ምን ያድርግ? ራሱን አይመታ።
ያ እንቅልፋም፣ ያ ለጋሚ፣ ከብብት ተፈታ፣
አምስቱም ጣት ተዘርግቶ፣

ጧ!

ሻላዎቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።
«ማነው ያጨበጨበ?» አለ አንድ ሰው
ከደንገሉ ማዶ።
ሐሴት መዳፏን ገልብጣ አየችው፤
አንዲት የደም ነጥብ፣ የሷ ትሁን የቢንቢዋ፣
ከሌባ ጣቷ ሥር።
«አባዬ፣ ነቃ» አለች።
ከዚያ፣ ብርድ እንዳይመታው ይመስል፣
መልሳ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

ነገም ስፖንጅ አለ፤ ነገም ሊጥ፣ ለብ ያለ ውሃ።
ማታ ግን፣ ዘርትሁን ስትተኛ፣ እስክሪብቶ ፈልጌ፣
ከሲስተር ወረቀት፣ ከመጨረሻው መስመር በታች፣
በዚህ በባጃጅ ነጂ ጽሕፈቴ ጨመርሁበት፦
ቢንቢ፤ አንድ ጊዜ።