ማስተንፈስ

ማሞቂያው ብርድ መትፋት ከጀመረ ሳምንት አለፈው፣
የሙቀቱ መርፌ ግን ቀዩን መስመር ሊነካ ምንም አልቀረው።
ሞተሩ እየነደደ፣ እግራችን በረዶ፤
(እንዲህ ያለ ቤትም አይቼ አውቃለሁ።)

ቅዳሜ ጠዋት ሺኑክ ነፈሰ።
ከዜሮ በታች ሃያ አምስት ያደረው
ለቁርስ ሰባት ዲግሪ ሆኖ ደረሰ።
የብሩክስ ጣሪያ ሁሉ ጠብ፣ ጠብ፣
የጎረቤታችን የሚስተር ፍሪሰን አካፋ
ከተተከለበት ክምር ቀስ ብሎ ተጋደመ።
«ዛሬ ነው» አልኩ። «ዘርጋው፣ ቁልፉን አምጣ።»
አመጣ። ዘርጋው ትንፍሽ የማይል ሰው ነው።

አፍንጫዋን ሽቅብ፣ ወደ ጋራዡ ደፍ፣
አቀበቱ ላይ አቆምናት።
አየር መውጣት ነው ልማዱ፣ ከፍታ ካየ ይወጣል፣
እንደ ድንገተኛ ሹም አናት ላይ ይቀመጣል፣
ውሃው ከሥር ሲለፋ እሱ ከላይ ይኮፈሳል።

ክዳኑን በመዳፌ ዳሰስኩ። ቀዝቅዟል።
አባቴ ኮምቦልቻ፣ አይሱዙ ሥር ተንጋሎ፣
«በጋለ ራዲያተር ላይ ክዳን የሚፈታ
ፊቱን ለእንፋሎት የዳረ ነው» ይለን ነበር፣
ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ እየመሰለ።
አንድ ቅንድብ አልነበረውም።

ከፈትኩ። የወተት ጀሪካን አንገት ቆርጬ፣
ገልብጬ አፏ ላይ ሰካሁ፣
ሮዝ ኩላንት ሞላሁ።
«ግባና አስነሳት። ማሞቂያውን እስከ ጥግ አዙር።»
«ብርድ ነው የሚመጣው።»
«አውቃለሁ። አዙር።»

ይሄ ሥራ ግማሹ መጠበቅ ነው።
ቴርሞስታት የሚሉት አንድ ትንሽ በረኛ አለ፣
ቢለምኑት፣ ቢሰድቡት፣ ከቃሉ ፍንክች ያላለ፣
ሙቀቱ ልኩ እስኪደርስ በሩን እንደያዘ የዋለ።

መርፌውን ላይ በመስኮቱ አንገቴን ሳስገባ
ከመርፌው ሥር ያለውን ቁጥር አየሁት።
ዘይት የቀየርኩ ዕለት ኮፈኑ ሥር ጽፌዋለሁ፤ ወር ሆነው።
ከቤት ስጋ ፋብሪካው ደርሶ መልስ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር፣
በወር ሃያ ሁለት ቀን። ማባዛት አያቅተኝም።
ቁጥሩ ግማሹን እንኳ አልሞላ።
ቤንዚኑ ግን ሁለቴ አልቋል።
መኪና ቆማ የምትጠጣው
ሰው ውስጧ ተቀምጦ ሲውል ነው።

አልጠየቅኩም። የላይኛውን ቱቦ ያዝኩ፣
ጨመቅ፣ ለቀቅ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ፣
ደም ግፊት እንደሚለካ ነርስ።
መጀመሪያ አንዲት አረፋ፣ ሽንብራ የምታክል።
ከዚያ ሁለት። ከዚያ ቡልቅ!
ጀሪካኑ አገሳ፣ ፈሳሹ ስንዝር ወረደ፣
ሞላሁ፤ አገሳ፤ ደግሜ ሞላሁ።
ይህን ሁሉ ባዶ ተሸክማ ነበር የምትሄደው?

«ሁለት ሺህ ላይ ያዝልኝ» አልኩት። ነዳጅ ሰጠ።
በጩኸቱ መሀል፣
ኮፈኑ በመካከላችን እንደ መጋረጃ ቆሞ፣
«ቀንሰውኛል» አለ።
ቡልቅ።
«ሦስት ሳምንት ሆነኝ።»
ቡልቅ።
«ላይብረሪው እስኪከፈት ማቆሚያው ላይ እጠብቃለሁ።»
«የምቋጥርልህ ምሳስ?»
«በአራት ሰዓት እበላዋለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

ሳቄ አመለጠኝ፤ ከኮፈኑ ጀርባ ነበርኩ፣ አላየኝም።
መናደዴንም አላየም። እሱን ቱቦው ያውቃል።

ቱቦው እጄ ላይ መጋል ጀመረ።
በረኛው ከፈተ።
አረፋው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ
ጸጥ ያለ ሮዝ ኩሬ ሆነ፣
የሺኑክ ደመና ቅስት የሚታይበት።

«ሞቀ!» አለ ዘርጋው፣
ሁለት መዳፉን ማናፈሻው ላይ እንደ ሕፃን ደቅኖ።

ክዳኑን ገና አልመለስኩም።
የመጨረሻዋ አረፋ አፋር ናት፣ ጊዜ ስጫት፣
ይልም ነበር ያ ቅንድብ አልባ።

ዞሬ በወዲያኛው በር ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።
የተቃጠለ አቧራ ሽታ፣ ጉልበታችን ላይ ሙቀት።
እንድሰማው ማናፈሻውን ዝቅ አደረግኩና
«ሌላስ?» አልኩት።